የአመተ ሥላሴ አቤቱታ

በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. በቢቸና ፍርድ ቤት ሁለት ጸሓፊዎች ነበርን፤ እኔ መሪጌታ ሣህለ ማርያምና የሞጣው ድጓ መምህር ልጅ አመተ ሥላሴ። ሥራችን አንድ ሲሆን ለእኔ በወር አርባ ብር፥ ለእርሷ ሃያ አምስት ይከፈል ነበር። ይህ አልከበደኝም። የከበደኝ ባለጉዳዩ ሁሉ «የሴቲቱ ጽሕፈት ይሁንልን» እያለ እኔን አልፎ ወደ እርሷ መሄዱ ነው። ቅናት እንደ ነቀዝ ነው፤ እህሉን ከውስጥ ይጨርሳል፥ ቅርፊቱ ግን ደህና ይመስላል።

በዚያ ዓመት የቀን መቁጠሪያው ከአዲስ አበባ ስለ ዘገየ፥ የአጽዋማቱንና የበዓላቱን ቀን በባሕረ ሐሳብ የማወጣው እኔ ነበርሁ። ቆጠራውን ስቼ ስቅለትን በአንድ ሳምንት አዘገየሁት፤ ዐሥራ ሁለት ባለጉዳዮችንም ሳላውቅ በስቅለት ዓርብ ቀጠርሁ። አመተ ሥላሴ ቆጠራውን ከአባቷ ተምራ ነበርና ደረሰችበት። ለማንም ሳትናገር መጥሪያዎቹን እንደ ገና ጽፋ ላከች፤ የተሳሳቱትን በሣጥኗ ስታኖር ግን አየኋት።

በየካቲት ወር ደመወዟ ከእኔ እኩል እንዲሆን ለዳኛው ለግራዝማች ደምለው አመለከተች።

«ባል የሌላት ሴት አርባ ብር ምን ያደርግላታል?» አሉ ግራዝማች እየሳቁ።

«ጌታዬ፥ የቢቸና ነጋዴ ሴት ነሽ ብሎ ጤፉን አያረክስልኝም።»

ወደ እኔ ዞሩ። «መሪጌታ፥ ሥራዋ ከእርስዎ ይስተካከላል?»

«እኔ ያወጣሁትን ትገለብጣለች» አልሁ።

አቤቱታዋ ወደቀ። ደጅ ላይ ደረስሁባት።

«መጥሪያዎቹን ስለ ምን አላሳየሽም?»

«ባሳይ እርስዎ ይባረራሉ፤ አምስት ልጆች አሉዎት። የለመንሁት የእኔ እንዲጨመር ነው እንጂ የእርስዎ እንዲጎድል አይደለም።»

ያን ጊዜ ቅናቴ ባሰ። በጽሕፈት በለጠችኝ፥ በቆጠራ በለጠችኝ፤ አሁን ደግሞ በምሕረት። ይህን ሦስተኛውን መሸከም አልቻልሁም። «ስጪኝ» ብዬ መጥሪያዎቹን ከሣጥኗ አስወጥቼ ተቀበልሁና በግራዝማች ጠረጴዛ ላይ አኖርሁ።

«ሐሰት መስክሬአለሁ። ስሕተቱ የእኔ፥ እርማቱ የእርሷ ነው።»

ግራዝማች አንድ በአንድ አዩአቸው። «በጀቱ ስድሳ አምስት ብር ነው፤ ከሰማይ አይወርድልኝም። አርባው ለእርሷ፥ ሃያ አምስቱ ለእርስዎ ይሁን።»

አመተ ሥላሴ «እኔ ያልሁት እኩል ነው» ብላ ተከራከረች፤ አልሰሟትም።

በየወሩ መጨረሻ በደመወዝ መዝገቡ ላይ ከእርሷ በታች ስፈርም እጄ ይከብደኛል። እውነቱን የተናገርሁት ከፍቅር ሳይሆን ከቅናት መሆኑን ለነፍስ አባቴ ነግሬአለሁ፤ ቀኖናዬን ገና አልጨረስሁም።