በተዘጋው ክፍል ቅርፊት የሚፍቀው

መድኃኒት ቀማሚው ከሞተ ስምንት ወር ሆኖታል። ሚስቱ የሥራ ክፍሉን የቆለፈችው ከቀብር በተመለሰች ዕለት ነው፤ ቁልፉንም አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። ጎረቤት “ኧረ ክፈቺው፣ ይናፈስ” ቢላት ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ኖረች። እንዴት ትክፈተው? በየቀኑ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ከዚያ ክፍል ቅርፊት የሚፋቅበት ድምፅ ይሰማታል። ፍቅ... ፍቅ... ፍቅ። ልክ እሱ ከምሳ በፊት በርጩማው ላይ ተቀምጦ በቢላዋው ሲፍቅ እንደነበረው። ለሰው አልነገረችም። ብትነግራቸው “አበደች” ሊሏት አይደል! ምሳዋን ይዛ በሩ ሥር ትቀመጥና የዋለችበትን ታወራለታለች።

በዚህ መሃል ጓሮ ያሉት ሦስት ዛፎች ከጫፋቸው መድረቅ ጀመሩ። እሱ በእጁ የተከላቸው ናቸው፤ ሳል የያዘው የሰፈር ልጅ ሁሉ ቅርፊታቸው ተፈልቶለት ጠጥቷል። አሁን ግንዳቸው በመርፌ እንደተወጋ ተበሳስቶ ዱቄት የመሰለ ነገር ያራግፋል። እነሱም ከሄዱ ከሰውዬው ምን ሊቀራት ነው? ጨነቃትና አንዲት የተባይ ባለሙያ አስጠራች።

ባለሙያዋ ቀልደኛ ሴት ናት። ዛፎቹን ዞር ዞር ብላ አየችና ከአንዱ ግንድ ላይ ግራጫ የእሳት እራት በብልቃጥ ከድና ያዘች። ማጉያ መነጽሯን ደቅና ብዙ ቆየች።

“እትዬ፣ ይቺ ደግሞ አለባበስ ታውቃለች! ክንፏ ላይ ያለውን የተሰበረ ነጭ መስመር አዩት?”

“እኔ ምኑን አያለሁ ልጄ፣ ዓይኔ ከደከመ ቆየ። ገዳይዋ እሷ ናት?”

“እሷማ የምትበላበት አፍ እንኳ የላትም። ትሎቿ ናቸው። ግን የዚህች ዘር መጀመሪያ የሚራባው ደርቆ በተከማቸ ቅርፊት ውስጥ ነው፤ ወደ ቁም ዛፍ የሚሻገረው ከዚያ ነው። ቅርፊት የት ነው የሚያስቀምጡት?”

“የለኝም” አለች ሴትዮዋ ቶሎ ብላ።

ቀትር ሆኖ ነበር። ፍቅ... ፍቅ...

ባለሙያዋ ወደ ተዘጋው በር ዞር አለች። “ማን አለ እዚያ?”

ሴትዮዋ በሩ ሥር ቁጭ አለች። “አንቺም ትሰሚዋለሽ?”

“እንዴታ!”

“እሱ ነው” አለች በሹክሹክታ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። “እኔ ብቻ የምሰማው መስሎኝ ስምንት ወር ሙሉ...”

ባለሙያዋ ቀልዷን ዋጥ አደረገች። አጠገቧ ቁጢጥ ብላ እጇን ያዘች። “እትዬ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቀትር ላይ ሲግል ትሎቹ ቅርፊት መብላት ይበረታሉ፤ ድምፁ የእነሱ ነው። ክፍሉ ካልተከፈተ ዛፎቹን ባክማቸውም ልፋት ነው፤ የእሳት እራቶቹ በመስኮቱ ስንጥቅ እየወጡ ይመለሱባቸዋል። አልዋሽዎትም፣ ዛፎቹ ለሚቀጥለው ዝናብ አይደርሱም።”

ሴትዮዋ ዛፎቹን አየች። በሩን አየች። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀች።

በሩ ሲከፈት የግራጫ ክንፍ መዓት ፊታቸውን እየዳበሰ ወጣ። ከጣሪያው፣ ልክ ከበርጩማው በላይ፣ አንድ እስር ቅርፊት ተንጠልጥሏል። ባሏ ከሩቅ አገር ነጋዴ ገዝቶት፣ ታሞ የተኛ ቀን “ስነሳ ፍቄ እጨርሰዋለሁ” ያለው ነው። ትሎቹ ስስ ልጣጭ ብቻ አስቀርተውታል። ፍቅፋቂው በርጩማው ሥር፣ የእሱ ፍቅፋቂ ይወድቅበት በነበረው ቦታ ላይ፣ ተከምሯል። ቢላዋው ከጎኑ ተጋድሟል።

“ጨረሰው” አለች ሴትዮዋ።

ሁሉንም ጓሮ አውጥተው በርሜል ውስጥ አቃጠሉት። ባለሙያዋ አንዲት ትል ብቻ ከቅርፊት ቁራጭ ጋር በብልቃጥ አስቀረች፤ አድጋ ክንፍ እስክታወጣ ድረስ ማንነቷ አይረጋገጥምና።

“ቆይ እስቲ” አለች ሴትዮዋ። ብልቃጡን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ዓይኗን ጨፍና ብዙ አዳመጠች።

“ያው ድምፅ ነው አይደል፣ እትዬ?”

“አይደለም ልጄ” አለች ብልቃጡን እየመለሰችላት። “ይቺስ ትል ናት።”

የባዶውን ክፍል በር ግን ገርበብ አድርጋ ተወችው።