የሙላት እሺታ

የባሏ የእኅት ልጅ ወንዱ በለቀስተኛው መሀል ጎንበስ ጎንበስ እያለ መጥቶ አጠገቧ ሲንበረከክ፣ ባንቺአየሁ ሊያጽናናት መስሏት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«እትዬ፣ ጊዜው እንዳይደለ አውቃለሁ» አላት በሹክሹክታ።

ጊዜው እንዳይደለ እያወቀ የሚናገር ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አላጣችውም። ባሏ ሙላት የተቀበረው ዛሬ ነው። የቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር፣ ድንኳን ገና በቅጡ አልተወጠረም፤ ለቀስተኛው ንፍሮውን እንደ ዘገነ ነው። ወንዱ በሙላት እጅ አድጎ፣ ዛሬ ደሴ ተቀምጦ ስልክና የፀሐይ መብራት የሚገጣጥም ኩባንያ አክሲዮን ያሻሽጣል። ሽያጩ ሊዘጋ መቃረቡን ነገራት። አጎቱ ደግሞ በፋሲካ ሰሞን፣ ቡሬን ሸጦ ሊገዛ «እሺ» ብሎት ነበር፤ የሙት ቃል መቼም መሬት አይወድቅም።

«ቡሬን» አለች። በሬዋ ነው፤ ሌላ በሬ የላትም።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ ማን ሊያርስልሽ ነው? አክሲዮን ገለባ አይበላ፣ አይታመም፣ ጅብ አይነጥቀው።»

«አያርስም እንጂ።»

ወንዱ ትከሻዋን ስሞ ተነሣ።

ሙላት «እሺ» አለ መባሉ አልደነቃትም። ሙላት እሺ ያላለው ሰው በሐይቅ ዙሪያ ይገኝ ይሆን? በአንድ ቀን ለሁለት ሠርግ ሽማግሌ ሊሆን ቃል የገባ፣ ግሸን ለመውጣት ከሁለት ማኅበር ጋር የተቀጣጠረ ሰው ነው። ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የመንገደኛውን ሁሉ ጉዳይ ይሰማና «እሺ» ይላል፤ ጠያቂውም ፊቱ በርቶ ይሄዳል። በማግስቱ ዘሩን ሊወስድ፣ አህያውን ሊጭን ሲመጣ ግን በሩ ላይ የሚያገኘው ባንቺአየሁን ነው። ዘሩ ለራሳቸውም አይበቃም፤ አህያዋ ጀርባዋ ቆስሏል። እያንዳንዱን «የለም» የምትናገረው እሷ ናት። አገሩም ስም አወጣላቸው፤ ሙላት ማር፣ ባንቺአየሁ ኮሶ ተባሉ። አንዷማ ሠርግ ላይ ዘፈን ውስጥ አስገባቻቸው። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ሙላት ነበር። ያን ዕለት ቤታቸው እስኪደርሱ አላናገረችውም።

በቀብሩ ማግስት ደግሞ የሙላት ታላቅ ወንድም ዝናው የወንዱን ነገር ሰምቶ ተቆጥቶ መጣ። በሬው የተዝካሩ ነው፤ አርባው ላይ ይታረዳል፤ ሙላት ራሱ ታሞ ሳለ «እሺ» ብሎታል። ያን የመሰለ ሰው በንፍሮ ብቻ ተሸኘ ሲባል የሚያፍረው ማን ነው? ባንቺአየሁ በድንኳኑ ክፍተት ውጭ ውጭውን ታያለች።

ቡሬ ሙላት ታሞ ከመተኛቱ በፊት ካሰረበት ችካል አልተንቀሳቀሰም። ጎረቤቷ ሀሚዱ ሣርና ውሃ እዚያው ያቀርብለታል። ሀሚዱም ያለው አንድ በሬ ብቻ ነው፤ ከሙላት ጋር መቀናጆ ነበሩ። ሁለቱን በሬዎች ባንድ ቀንበር ጠምደው፣ ዛሬ የአንዱን ነገ የሌላውን መሬት ሲያርሱ ኖረዋል። ቡሬ ከሄደ የሀሚዱም በሬ ቆሞ ይቀራል፤ ዝናቡም ጀምሯል። ሆኖም ሀሚዱ ከቀብሩ ወዲህ ስለ በሬው ትንፍሽ አላለም። ሚስቱ ኢንሳፍም ከባንቺአየሁ ጎን ሳትለይ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያለች ጀርባዋን ታሻለች እንጂ አላነሣችውም። ለቅሶ ቤት ስለ በሬ ማውራት ነውር ነው፤ ነውሩን የፈራው ግን ባለ ጉዳዩ ብቻ ሆነ።

አመሻሹ ላይ ሴቶቹ የሙላትን የፀሐይ መብራት ከድንኳኑ ምሰሶ ሰቀሉት። የዚያው የወንዱ ኩባንያ ሥራ ነው። ባንቺአየሁ ብርሃኑን እያየች ነገሩን ያለ ቂም መዘነችው። መብራቱ አንድ ጊዜ ከታንኳ ላይ ሐይቁ ውስጥ ወድቆ ያውቃል። ሙላት ጠልቆ አወጣውና ጭድ ውስጥ ቀብሮ አደረቀው፤ ሲበራለት እንደ ልጅ እየዘለለ «እነዚህ ሰዎች አይዋሹም» አለ። እውነቱን ነው። ወንዱም ቢሆን አጭበርባሪ አይደለም፤ የራሱን ደመወዝ አስገብቶበታል። እሷ ደግሞ ወንድ ልጅ የላት፣ ሞፈር ጨብጣ አታውቅ። ወንዱን አስጠርታ ጠየቀችው። ለማዳበሪያ ቢቸግራት አክሲዮኑን መልሳ መሸጥ ትችላለች? ለጊዜው አይቻልም አላት። ትርፉስ? የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ላይኖር ይችላል አላት። ዓይኗን እያየ ነው የነገራት፤ ለዚህ አከበረችው። ረሀብ ግን ዓመታት አይጠብቅም።

ሰልስቱ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰው ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ እንደ ተሰበሰበ ዝናው ተነሥቶ የበሬውን ነገር አወጣው። ወንዱም ተነሣ። ቃል ተማዘዙ። በመጨረሻ የሙላት የነፍስ አባት አባ መልከ ጼዴቅ፣ ሟቹ ባንድ በሬ ሁለት እሺ ትቶ መሄዱን ተናግረው፣ የትኛው እንዲከበር ባንቺአየሁ ትምረጥ አሉ።

ሐዘንተኛ ሚስት ተከናንባ ቁጭ ብላ ነው የምትመልስ። ባንቺአየሁ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላ ቆመች።

«አያ ዝናው፣ ሙላት እሺ አለህ?»

«እስጢፋኖስን፣ እሺ ብሎኛል።»

«አንተስ?»

«ብሎኛል እትዬ» አለ ወንዱ።

«ከእሺ በኋላስ ምን አለ?»

ዝናው ጢሙን ማሻሸት ጀመረ። ከወደ ኋላ አንድ ሰው ሳቁን በጋቢው አፈነ።

«ቃሉን ጨርሱት እንጂ። የሙት ቃል መሬት አይወድቅም ስትሉ አልነበር? ግማሹን የት ጣላችሁት?»

ወንዱ አንገቱን ደፋ። «‹ባንቺአየሁ ካለች› አለኝ።»

ድንኳኑ ሁሉ ያውቀዋል። ሙላት በዕድሜው ያንን ጭራ ሳይቀጥል እሺ ብሎ አያውቅም፤ ሰውም ጭራውን ይዞ ሄዶ አያውቅም። ባንቺአየሁ ሲፈራ ከጀርባዋ የሚሸሸግ ይመስላት ነበር። ታሞ ተኝቶ እንኳ፣ ከሰው ሁሉ አጣላኸኝ ብላ ወቅሳዋለች። እሱም ሳል እያቋረጠው «የእኔ እሺታ ደጃፍ ናት፣ ባንቺ። ሰው አረፍ ይበልባት ብዬ ነው። ቤቱማ አንቺ ነሽ» አላት። ያላገጠ መስሏት ፊቷን አዞረች። አሁን፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት፣ ያንኑ ቃል ተመርኩዛ ቆማለች።

«እንግዲህ ባንቺአየሁ አላለችም» አለች። «ለነፍሱ ቅዳሴው አይቀርበትም፤ በአርባውም ለነዳያን የጓዳዬን አበላለሁ። የዘመድ ሥጋ አምሮት ግን የሙላት ነፍስ ዕዳ አይደለም። አንተም ወንዱ፣ መብራቱ ጥሩ ነው። ጥሩ ስለሆነ ዋጋውን ከፍለን ገዝተነዋል፤ በሬ አንጨምርበትም። ምርት ሲገባ ወረቀትህን ይዘህ ና፣ አብረን እናነባለን። ከተረፈኝና ካመንኩበት እገዛለሁ፤ የምገዛው ግን በስሜ ነው። ሙላት ቢኖር ኖሮ እያለ ማንም ደጄ እንዳይመጣ።»

«ኮሶ» አለ ዝናው፣ ለራሱ የተናገረ መስሎ።

«ኮሶ ነኝ፣ አያ ዝናው። ሥጋ የሚወድ ሰው ደግሞ ኮሶ ያሻዋል።»

አባ መልከ ጼዴቅ አፋቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ፈርሶ ሰው ሲበተን፣ ሀሚዱ ከቡሬ አጠገብ ቆሞ ደመናውን ያያል። ባንቺአየሁ ወደ እሱ ሄደች። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እህቴ፣ ካላስከፋሁሽ… ነገ በአንቺ መሬት እንጀምር ብዬ ነበር።»

«እሺ» አለች።

ሀሚዱ አልተንቀሳቀሰም። ስንት ዓመት የለመደውን ጭራ ጆሮው ይጠብቃል። ዝም ስትልበት ራሱ አለው።

«ባንቺአየሁ ካለች?»

«ብላለች።»

ሀሚዱ ገመዱን ከችካሉ ሊፈታ ጎንበስ አለ። ቋጠሮው የሙላት ነው፤ እንደ ልማዱ ሁለት ጊዜ ጠምዝዞ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ የቀበረው።

«ተው» አለችና እጁን ያዘችው።

ተንበርክካ ችካሉን በሁለት እጇ ወዘወዘችው። ዝናብ የጠጣው መሬት እየተጎተተ ለቀቀላት። ጭቃውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ ችካሉን ከነቋጠሮው ለሀሚዱ አስያዘችው።