ስም አሥራ ሁለት፣ ራስ አሥራ ሦስት

«አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት።»

የሎርና ሃውገን ጣት አየር ላይ ቀረ። ወደ አውቶቡሱ በር ተመልሳ እንደገና ከፊት ጀመረች። ስም ስትጠራ አሥራ ሁለት ልጆች «አቤት» ብለዋታል። ራስ ስትቆጥር ግን ይኸው ለሦስተኛ ጊዜ አሥራ ሦስት።

«ራስዎን ቆጥረው ይሆናላ!» አለች ብሪን ከአራተኛው ረድፍ፣ የሱፍ አበባ ፍሬ ገለባ ወረቀት ኩባያ ውስጥ እየተፋች። ብሪን በቅርጫት ኳስ ቡድኑ ውስጥ ቁመቷ ከሁሉም ያጠረ፣ ምላሷ ከሁሉም የረዘመ ናት።

«እስኪ ነይ አንቺ ቁጠሪ፣ ጎበዝ ከሆንሽ።»

ብሪን እየተጀነነች ተነስታ ቆጠረች። ስምንት ላይ ስትደርስ ፈገግታዋ ሙሉ ነበር። መጨረሻው ላይ ግን የለም።

«አሥራ ሦስት» አለች። «እንዴ! ደግሞ ቦርሳዬን ከወንበር አንስቶ መሬት የወረወረው ማነው? ሰው አትሆኑም እናንተ?»

ቦርሳውን አራግፋ ከጎኗ ባለው ባዶ ወንበር ላይ መለሰችው።

ሎርና የኮሌጁ ስፖርት ዳይሬክተር ናት። ለመጨረሻ ጊዜ ከቡድን ጋር አውቶቡስ ከተሳፈረች ሃያ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ዛሬም አሰልጣኙን ጉንፋን ባይጥለው ኖሮ ዝር አትልም ነበር። በመመሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ራሷ ያወጣችው ደንብ አለ፦ ስም ይጠራል፣ ራስ ይቆጠራል፤ ሁለቱ ካልገጠሙ አውቶቡሱ አይነሳም። ለዚህ ደንብ ብለው ሌሎች ኮሌጆች ሳይቀሩ ጋብዘው አጨብጭበውላታል።

ዛሬ ግን ጨዋታው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ በረዶውም እየመጣ ነው። ከዘገዩ ፎርፌ፤ ፎርፌ ከሆነ ደግሞ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ቡድኑን ዘግቶ እሷንም እንደሚሸኛት ፊት ለፊት ነግሯታል።

«ንዳ፣ ቨርጂል።»

«ደንብሽስ?» አለ ሾፌሩ። የዛሬ ሃያ አንድ ዓመትም የነዳው እሱ ነበር።

«ንዳ አልኩህ!»

በዚያ የአሜሪካ ዳኮታ ሜዳ መሃል አንድ ነዳጅ ማደያ ብቻ አለ፤ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ቡድን ሁሉ ሽንቱን የሚሸናው እዚያ ነው። የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ እንዳይጠፋ ከበረዶ ሆኪ መጫወቻ ክብ ጎማ ጋር ታስሯል። ልጆቹ እየተገፋፉ ወረዱ። ሎርና ግን ከወንበሯ አልተነሳችም።

ከሃያ አንድ ዓመት በፊት አሰልጣኝ ነበረች። ከዚሁ ማደያ ሲነሱ ራስ ብቻ ቆጠረች፣ ሞላ፣ ሄዱ። የሞላው ግን የአንዷ ተጫዋች እህት ወደ ቤት አድርሱኝ ብላ ስለገባች ነበር። ማሪት የምትባል ልጅ መጸዳጃ ቤት ቀርታለች። ስትወጣ አውቶቡሱ ሲሄድ አየችው፤ በዚያች ስስ ጃኬቷ ተከትላው ሮጠች። በሁለተኛው ቀን ሬሳዋን ያገኘው በረዶ ጠራጊው መኪና ነው። «ቁጥሩማ ልክ ነበር፣ ምን ታደርጊ» ብለው ሁሉም አጽናኗት። በዓመቱ ዳይሬክተር አደረጓት። ደንቡን ጻፈች እንጂ ከዚያ ወዲህ የልጅቷን ስም ከአፏ አውጥታ አታውቅም።

ልጆቹ በረዶ እያራገፉ ተመለሱ። ስም ጠራች፦ አሥራ ሁለት። ራስ ቆጠረች።

አሥራ ሁለት።

«ገጠመ! እልል በሉ!» አለች ብሪን። «ቅድም ረሃብ ነው ያሳየን።»

አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። ቨርጂል ግን አልሳቀም። «ቶሎ ካልወጣን መንገዱን ይዘጉብናል» ብሎ እጁን ወደ በሩ መዝጊያ ሲሰድ፣ የማደያው ሽማግሌ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ እየሮጠ መጣ።

«አንዷ ልጃችሁ ቁልፌን አልመለሰችም!» አለ እያለከለከ። «በሩም ከውስጥ ተቆልፏል። ሳንኳኳ 'መጣሁ፣ መጣሁ' ትላለች፣ አትመጣም።»

«የኛዎቹ ሁሉም እዚህ ናቸው» አለ ቨርጂል። «ሌላ ደንበኛ ይሆናል።»

«የምን ደንበኛ? ከናንተ ሌላ መኪና ታያለህ?»

ግቢው ባዶ ነበር። ከአውቶቡሱ ወደ መጸዳጃ ቤቱ የሚሄደው የጫማ ዱካ ግን ብዙ ነው፤ አንዱ በስስ ጫማ የተረገጠ፣ መሄጃ እንጂ መመለሻ የሌለው።

ቨርጂል በሩን ሊዘጋ ተጫነው። ሎርና እግሯን መሃል አስገባች።

«ስም ገጥሟል፣ ራስም ገጥሟል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደንብሽ ሂዱ ነው የሚለው፣ ሎርና።»

«አንድ ሰው ቀርቷል።»

«ማን?»

«ማሪት» አለች።

ቨርጂል ዓይኑን መሪው ላይ ተከለ።

«ለተጋጣሚዎቻችን ደውልላቸው» አለች። «ፎርፌ በላቸው። እስክትመጣ በሩ ክፍት ይሁን።»

በተከፈተው በር ብርዱ እየገባ ረድፍ በረድፍ ወደ ኋላ ሄደ። ብሪን ከጎኗ ካለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን ቀስ ብላ አነሳችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።