ዝቅ ያለችው ዲኤክስ

ሰዓደት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ውስጥ የመኪና ሞላና ንዝረት የሚያበርድ አሞርዛተር ትሸጣለች። ባሏ ፈርሀት ከሱቋ ጀርባ ባለችው ጠባብ ግቢ መካኒክ ነው፤ እሷ የሸጠችውን እሱ ይገጥማል። ይህን ተራው ሁሉ ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ሲነገረውም የማያምነው፣ ከሁለቱ መሃል የመኪና ውድድር ላይ የምትነዳው እሷ መሆኗን ነው። ፈርሀት መሪ ሲይዝ እንደ ሽማግሌ ነው፤ መብራቱ ገና አረንጓዴ እያለ ፍሬን መያዝ ይጀምራል።

ውድድሩ የአማተሮች ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሰፊ አስፋልት ሜዳ ላይ አሮጌ ጎማ ደርድረው ጠመዝማዛ መንገድ ያበጃሉ፤ መኪኖቹ በየተራ ይሮጣሉ፤ ሰዓት ይያዛል። ሰዓደት እስካሁን በሮጠችባቸው ውድድሮች ሁሉ ከመጨረሻዎቹ ጋር ነበረች። ነጯ ዲኤክስ መኪናዋ አነሳሷ ፈጣን ነው፣ ፍሬኗም ይታመናል። ኩርባ ላይ ግን ወደ ጎን ትተኛለች።

ስለዚህ ከዱባይ በመጣ ያገለገለ ዕቃ መሃል ለዲኤክስ የሚሆን የሚስተካከል አሞርዛተር ከነሞላው ስታገኝ ለገበያ አላወጣችውም። ጥርስ የወጣለት ቱቦ ላይ የሚዞር ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ሲወርድ መኪናዋ ዝቅ ትላለች፣ ሲወጣ ከፍ ትላለች። አናቱ ላይ ደግሞ ጥንካሬውን የሚጨምርና የሚቀንስ ትንሽ ቁልፍ አለ።

«ይሄ አይሸጥም» አለችው ለፈርሀት፣ እቅፉ ላይ እያስቀመጠችለት።

ሐሙስ ዕለት የአራቱንም ጎማ ገጥሞ ጨረሰና ከግቢው ጠራት። «ሰዓዲ፣ ነይ መሪው ላይ ተቀመጪ።»

«ለምን?»

«የምትነጂው አንቺ ነሻ። ባዶ መኪና ለክቼ ምን ያደርግልኛል? ክብደትሽ ካልገባበት ግራና ቀኙ እኩል አይሆንም።»

«ሱቁስ?»

«ደንበኛው እዚሁ ይመጣል።»

መጣም። ሰዓደት ያን ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ በመስኮት ስትሸጥ ዋለች። ፈርሀት ከሥር ሆኖ ሜትሩን ይዘረጋል፣ ቀለበት ያዞራል፣ ይወጣል፣ መኪናዋን በእጁ ተጭኖ ያወዛውዛታል፣ ደግሞ ይገባል። የዱሮ ደንበኛቸው ጋሼ ዘውገ መጡና በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ ጋሼ። እየተለካሁ ነው።»

«ልብስ?»

«መኪና።»

ጋሼ ዘውገ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ተለክተሽ ስትጨርሺ፣ ለፒካፔ የኋላ አሞርዛተር ፈልጌ ነበር።»

«ካርቶኑ መደርደሪያው ላይ ነው፤ አወርድልዎት ነበር» ብላ በሩን ልትከፍት ስትል ከሥር «እንዳትንቀሳቀሺ!» የሚል ጩኸት መጣ። ሽማግሌው ራሳቸው አውርደው፣ ራሳቸው ጠቅልለው፣ እየሳቁ ሄዱ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። አመሻሹ ላይ ግን የተራው ወጣቶች ግቢውን ሞሉት። ከነሱ መሃል ይገረም ነበረበት፤ ፊት ለፊት ጎማ ይሸጣል፣ ውድድሩም ላይ ይነዳል፣ ብዙውን ጊዜም ከፊተኞቹ ነው።

«አሁን ገና መኪና መሰለች!» አለ። «ምን ትፈራለህ ፈርሀት፣ ጨርሰህ አውርዳት!»

ሰዓደት ወርዳ ሱቅ እየዘጋች ነበር። ፈርሀት በሙገሳው ደስ አለው። ቀለበቶቹን እስከ መጨረሻው አወረዳቸው፤ ጎማዎቹ ከላያቸው በተከደነው ፓራፋንጎ ሥር ተደበቁ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ፣ ፎቶ አነሱ።

ቅዳሜ ለልምምድ ሲወጡ፣ ገና ከአማኑኤል ሰፈር ሳይርቁ፣ ሰዓደት «ትዘላለች» አለች።

«ትለምጃታለሽ። ዝቅ ስትል ነው መንገድ የምትይዘው።»

ሜዳው ላይ የመጀመሪያዎቹን ኩርባዎች ጥሩ አድርጋ ያዘች። ፈጣኑ ኩርባ ላይ ግን አስፋልቱ ትንሽ ጎበጥ ያለበት ቦታ አለ። መኪናዋ እዚያ ስትደርስ ሆዷ መሬት መታ፣ ጎማው ፓራፋንጎውን ፋቀ፣ ኋላዋ አመለጠና ተሽከርክራ የጎማ ክምሩ ውስጥ ገባች።

ፈርሀት ሮጠ። አንድ ጫማው መንገድ ላይ ቀርቷል። ደርሶ በሩን ሲከፍት ሰዓደት ሄልሜቷን እያወለቀች ሻሿን ታስተካክል ነበር።

«ደህና ነሽ? ደህና ነሽ ወይ?»

«ደህና ነኝ። የፊት መብራት ብቻ ሳይሰበር አይቀርም።»

ፈርሀት ክንዷን ይዞ ከመኪናዋ አወጣት። «ይብቃን» አለ። «ነገ አንወዳደርም። ቤታችን እንግባ።»

እሷ ግን እጁን ይዛ ከተበተኑት ጎማዎች አንዱ ላይ አስቀመጠችውና አጠገቡ ቁጭ አለች። 

«ስማኝ ፈርሀት» አለች። «ከውጪ ስትታይ ታምራለች፤ እኔም አይቻታለሁ። እኔ ግን ያለሁት ውስጧ ነው። ጉብታ ስትነካ ሞላው መሄጃ ያጣል። ድንጋይ ላይ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ። ከፍ አድርጋት።»

«መንገድ ላይ ነግረሽኝ ነበር።»

«ነግሬህ ነበር።»

«ልጆቹን ልስማ ብዬ አንቺን ሳልሰማ ቀረሁ።»

«እንግዲህ አሁን ስማኛ» አለችና ሳቀች። እሱም ሳይወድ በግድ ሳቀ። ተነስቶ ጫማውን ፈልጎ አጠለቀ፤ ክሪኩን አወጣ።

ቀኑን በዚያው ዋሉ። አንድ ጣት ያህል ከፍ ያደርጋታል፤ ትነዳለች፤ ትመለሳለች። ዱሮ ቢሆን ከሥር ገብቶ ያሰበውን ያዞር ነበር፤ አሁን ግን በመስኮቱ ተደግፎ «ምን ተሰማሽ?» ይላታል። «ፊቷ ደህና ነው፣ ኋላዋ ገና ይራገጣል» ስትለው የኋላውን ቁልፍ ያላላል። «መሪው ዘገየብኝ» ስትለው የፊቱን ያጠብቃል። አንዴ አብዝቶ አላልቶት መኪናዋ እንደ ቀድሞው ተኛች፤ መለሰው። በመጨረሻ ሰዓደት ዙሩን ጨርሳ እሱ ጋ ስትደርስ አልቆመችም፤ እጇን በመስኮት አውለብልባ ሳትጠየቅ ሌላ ዙር ሄደች። ፈርሀት መፍቻውን ሳጥኑ ውስጥ ከተተ።

እሑድ ሜዳው ላይ ይገረም ዲኤክሷን አይቶ ከት ብሎ ሳቀ። «ምነው፣ ባንድ ሌሊት አደገችሳ!» ፈርሀት ጆሮው ቀላ፤ ግን ቀለበቶቹን አልነካም።

ሰዓደት ተራዋ ሲደርስ ወጣች። ጉብታውን ስታልፍ መኪናዋ አንዴ ብቻ ጎንበስ ብላ ተነሳች፤ አራቱም ጎማ መሬት ላይ ነበር። ሰዓደት ያን ጊዜ ነዳጁን ጨመረች። ከዚያ በፊት እዚያ ቦታ ላይ ነዳጅ ጨምራ አታውቅም። ፈርሀት ከገመዱ ውጪ ቆሞ ዱዓ ሲያደርግ ዙሩ ያለቀው ሳያውቀው ነው።

ሦስተኛ ወጣች። ይገረም በትንሽ በልጧት ሁለተኛ ሆነ፤ ግን ሜዳሊያውን እንደ ተቀበለ በቀጥታ የመጣው እነሱ ጋ ነው። ነጭ ሸሚዙን ሳይሳሳለት አስፋልቱ ላይ በሆዱ ተኝቶ ከዲኤክሷ ሥር ተመለከተ።

«ፈርሀት፣ በሳምንቱ መሃል የኔንም ላምጣልህ?»

«አምጣት። መጀመሪያ ግን ቁጭ ብለህ እያንዳንዱ ኩርባ ላይ ምን እንደምትሆን ትነግረኛለህ።»

«እኔማ መንዳት እንጂ ማውራት አልችልም።»

«ሰዓደት ታስተምርሃለች» አለው።

ሲመለሱ የነዳችው እሷ ናት። ነሐስ መሳዩ ሜዳሊያ ፈርሀት ጭን ላይ ነበር፤ አሥር ጊዜ ያገላብጠዋል። ሁለቱም ርቧቸዋል፣ ሁለቱም አቧራ ለብሰዋል። ወደ መርካቶ መግቢያው ላይ አንድ ሚኒባስ ታክሲ ጥሩንባውን እያንባረቀ በቀኝ በኩል ቀደማቸው፤ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «እማማ፣ ትንሽ ፈጠን ፈጠን!» አላት።

ፈርሀት ዞር ብሎ አያት። ሰዓደት ፈገግ አለች፤ አልተከተለችውም። በሁለተኛ ማርሽ፣ ጉድጓዱን አንድ በአንድ እየመረጠች፣ ቀስ ብላ ወደ ቤት ነዳች።