ራሱን የሚነዳው ፓምፕ

ሰውየው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። እሳቸው ጡረታ ሳይወጡ ልባቸው ቀድሞ ጡረታ ወጣ። ሐኪሞች ደረታቸውን ከፍተው የልባቸው ጫፍ ላይ ትንሽ ፓምፕ ተከሉላቸው። ከሆዳቸው የሚወጣ ቀጭን ገመድ ቀበቷቸው ላይ ካለው መቆጣጠሪያና ባትሪ ጋር ይገናኛል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ አብራቸው የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው ናት።

መጀመሪያ ፓምፑ የሚሠራው በአንድ ፍጥነት ብቻ ስለነበር ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። በኋላ የሆስፒታሉ መሐንዲስ ፓምፑ ውስጥ ያለውን ሴንሰር አስነሳላቸው። ሴንሰሩ የልባቸውን ግፊት እየለካ፣ ደም ሲበዛ ፓምፑን ያፈጥነዋል፤ ሲያንስ ያቀዘቅዘዋል።

"ሰው ሳይነካው ማርሽ ይቀይራል በለኛ!" ብለው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ቤታቸው እስካለበት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በእግራቸው ይወጡ ጀመር። ሰፈር ወርደው ከድሮ ባልደረቦቻቸው ጋር ዳማ እየተጫወቱ፣ ሲሸነፉ እየተጣሉ ይመለሳሉ።

አንድ ጠዋት ቁርስ እየበሉ ድንገት ማላመጥ አቆሙ።

"ልጄ፣ ራሴን አዞረኝ።"

ፊታቸው አመድ መሰለ። መቆጣጠሪያው ይጮህ ጀመር። ልጅቷ አየችው፤ የፍጥነቱ ቁጥር እየጨመረ ነው። ሆስፒታል ደወለች። የፓምፕ ታካሚዎችን የምትከታተለው ነርስ አነሳች።

"አባቴ ቁጭ ብሎ እየበላ ነበር! ፓምፑ ግን ዝም ብሎ ይፈጥናል!"

"ሴንሰሩ ሳይሳሳት አልቀረም፤ የሌለ ደም አለ እያለ ነው። ፓምፑ ደም ሲያጣ የልባቸውን ግድግዳ ይስባል።"

"እና የቱን ልጫን? እንዴት ላቁመው?"

"ምንም እንዳትነኪ፣ እህቴ! ገመዱን ከነቀልሽው ጭራሹን ይቆማል። አውቶማቲኩን የምናጠፋው እዚህ ባለው ኮምፒውተር ብቻ ነው። አምቡላንስ እየመጣ ነው፤ አስተኝተሽ እግራቸውን ከፍ አድርጊ።"

አስተኛቻቸው፤ እግራቸውን ትራስ ላይ አደረገች። ከዚያ ወዲያ የምታደርገው ጠፋት። የእጃቸውን አንጓ ያዘች። ፓምፑ ግን ደሙን ሳያቋርጥ ስለሚገፋ፣ ከገባ ጀምሮ እዚያ የሚመታ ነገር የለም፤ ይኑሩ አይኑሩ በእጇ ማወቅ አትችልም።

"አባዬ፣ አናግረኝ።"

"ፍሬን የለውም ወይ ይሄ ነገር?" አሉ በቀጭን ድምፅ። ከዚያ ዓይናቸው ተከደነ።

ሆስፒታል እንደደረሱ መሐንዲሱ መቆጣጠሪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። ጥቂት ነካካ፤ ቁጥሩ ወረደ፤ የሰውየው ከንፈር ቀስ በቀስ ቀላ። ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች።

"አውቶማቲኩን አጥፍቼዋለሁ" አላት። "ከእንግዲህ እንደ ድሮው በአንድ ፍጥነት ነው።"

"ሴንሰሩን መቀየር አይቻልም?"

"ያለው ልባቸው ውስጥ ነው። ደረታቸው ዳግመኛ ቢከፈት የሚችሉት አይመስለንም።"

"እና እስከ መቼ?"

"ሠሪዎቹ መፍትሔ እየፈለግን ነው ብለዋል። ቀን አልቆረጡልንም።"

ቤት ሲመለሱ ሁለት ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው ሦስተኛ ፎቅ አወጧቸው። "ቀስ በሉ፣ ዕቃው ተሰባሪ ነው" ብለው ሰውየው ቢቀልዱም የሳቀ አልነበረም። መስኮቱ አጠገብ አስቀመጧቸው። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩዋት።

"ያን ጊዜ ፈራሽ?"

"በጣም።"

"እኔም።"

"አባዬ፣ ምን ላድርግልህ?"

ጎናቸው ያለውን ወንበር መታ መታ አደረጉ።

"ምንም የለም፣ ልጄ። በቃ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ።"

ቁጭ አለች።