ቅጠል የሚጠብስ ዝናብ

ሴትዮዋ ከዝናቡ ማግሥት ጀምሮ መቀመጫ አጣች። ከፋብሪካው አጥር ሥር ባላት ቁራጭ መሬት የዘራችው ቦሎቄ ቅጠሉ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ አውጥቶ፣ ጠርዙ ወላፈን የገረፈው ይመስል ተኮማትሯል። ቆስጣውም እንደዚያው። በመደቦቹ መሃል የበቀለው ባለ ሰፊ ቅጠል አረም እንኳ አልዳነም፤ ቀጭኑ ሰርዶ ብቻ፣ ውሃው ተንሸራቶ ወርዶለት ነው መሰል፣ ምንም አልሆነም።

"መድኃኒት አብዝተሽበት ነው" አለች ጎረቤቷ በአጥር በኩል።

"እኔ? ዘንድሮ ጠብታ አልረጨሁም! አረሙንስ ማን ረጨው?"

ቤት ገባች፤ ወጣች። ሽንኩርት መክተፍ ጀምራ ተወችው። ባሏ እዚያው ፋብሪካ ምድጃ ላይ ነው የሚሠራው። "ጭሳችሁ ምን አለበት?" ስትለው ጫማውን እያሰረ፣ "ጭስ ያው ጭስ ነው። አንቺ ደግሞ ነገር ፍለጋ!" አላት። ዓይኗን ግን አላየም።

ሰማዩ እንደገና ሲከብድ ግማሹን መደብ ላስቲክ ወጠረችበት፤ ግማሹን ለዝናቡ ተወችው። ካባራ በኋላ በነጋታው ላስቲኩን ገለጠች። ከሥሩ ያለው ለምለም ነው፤ ውጭ የዋለው ተጠብሷል።

ከሁለቱም ዘነጠፈች፤ ከአረሙም ጨመረችና በሽርጧ ይዛ ወደ ፋብሪካው በር ገሠገሠች። ከጥበቃው ጋር ስትጨቃጨቅ የፈረቃ ኃላፊው ጭቅጭቁን ሰምቶ ወጣ።

"የቅጠል በሽታ እኛን ምን አገባን፣ እናቴ?"

"በሽታ ከሆነ ታዲያ ላስቲክ ፈርቶ ነው የተመለሰው?"

ጥበቃው ሳቁን በሳል ሸፈነ። በዚህ መሃል ባሏ ጥላሸት እንደለበሰ ብቅ አለ። አፏን ሊያስዘጋት የመጣ መስሏት ክው አለች። እሱ ግን አጠገቧ ቆመና፣ "የጭሱ ማጣሪያ ከተበላሸ ሰነበተ፤ መርዙ ከዝናቡ ጋር ነው የሚወርደው። እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ" አለ።

ኃላፊው ቀላ፣ ጠቆረ። "አንተ ወደ ሥራህ!" ብሎ ወደ ውስጥ ተመለሰ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ባልየው ከምድጃው ተነሥቶ ዕቃ ጫኝ ሆነ። መካኒኮች ግን ጭስ ማውጫው ላይ ወጥተው ማጣሪያውን ሲጠግኑ መንደሩ ሁሉ አየ። የተጠበሰው ቦሎቄ ሳያፈራ ቀረ። ባልና ሚስት ነቅለው አዲስ ዘሩ።

"ቆጨህ?" አለችው ማታ፣ ጀርባውን እያሸችለት።

"እኔን አልቆጨኝም፤ ወገቤን ጠይቂው።"

ሳቀች። ጣሪያው ላይ ጠብታ መንኳኳት ሲጀምር ግን ብድግ ብላ በሩን ከፈተችና ወደ አዲሱ መደብ ተመለከተች። እሱም ወገቡን ይዞ ተከተላት።