የቅዳሜዋ መምህርት

ወይዘሮ ትሕትና ጡረታ ከወጡ ወዲህም ቅዳሜ ቅዳሜ ባዮሎጂ ማስተማር አልተዉም። ቦረና ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ርቆ ያለ አንድ የአርብቶ አደሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ አስተማሪ አጥቶ ነበርና፣ እሳቸውና ሁለት የልደታ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቻቸው በበጎ ፈቃድ በስልክ ያስተምራሉ። ሒሳቡን ናዝሬት፣ ፊዚክሱን ፍሰሐ ይዘዋል። ርዕሰ መምህሩ ኦልጅራ ስልኩን ከድምፅ ማጉያ ጋር ያገናኘዋል፤ ክፍሉ በሙሉ ያዳምጣል። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ወይዘሮ ትሕትና ይጮኻሉ። የፎቁ ሰው ሁሉ ስለ ሴል ያወቀው በዚሁ ጩኸት ነው።

ባለፈው ሚያዝያ ተማሪዎቹ ለሳይንስ ውድድር አዲስ አበባ መጡ። ውድድሩ ሲያበቃ ልደታ ባቡር ጣቢያ ሊገናኙ ተቀጣጠሩ። ወይዘሮ ትሕትና ነጠላቸውን እያስተካከሉ ፈራ ተባ አሉ። ልጆቹ መልካቸውን አይተው አያውቁም።

"በስልክ ወጣት መስያቸው ከሆነስ?" አሏት ናዝሬትን።

"እርስዎ ደግሞ፤ ሊያገቡዎት አይደለም እኮ የመጡት" አለች ናዝሬት እየሳቀች።

ጣቢያው በሰው ተጨናንቋል። ወዲያ ወዲህ ቢያማትሩ ልጆቹን አጧቸው። የኦልጅራም ስልክ ተዘግቷል። ግራ ተጋብተው ቆመው ሳለ አንድ የታክሲ ረዳት፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ተሳፋሪ ገና ሳትቀመጥ፣ ሾፌሩን "ሳበው" አለው። ወይዘሮ ትሕትና አላስቻላቸውም።

"አንተ፣ ቆይ! ትቀመጥ እንጂ! ዕቃ መሰለችህ?"

"ቲቸር!" አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ።

ዘወር ሲሉ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች በሩጫ መጡ። በስልክ ጥያቄ የምታበዛው ደሚቱ ቀድማ ደረሰች።

"ሲቆጡ አወቅንዎት" አለች እያለከለከች። "ኔትወርክ ሲጠፋም እንደዚሁ ነው የሚሉን።"

ወይዘሮ ትሕትና ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለባቸው። ልጆቹን በየተራ አገላብጠው ሳሙ።

ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ጎረቤቱ ሁሉ ምሳ አሰናድቶ ጠበቃቸው። ልጆቹ ደግሞ በጀሪካን የግመል ወተት ይዘው መጥተዋል። በመንገድ ላይ ኮምጥጧል። ፍሰሐ ቀምሶ ፊቱን አኮማተረ፤ ከዚያ ድገሙኝ አለ።

ከምሳ በኋላ ወይዘሮ ትሕትና የተዋሱትን ማይክሮስኮፕ አወጡ። ስሱን የሽንኩርት ልጣጭ መስታወት ላይ ዘርግተው አዮዲን ጠብ አደረጉበት። ደሚቱ አንድ ዓይኗን ጨፍና አጎነበሰች፤ ቀና አልል አለች። ከኋላዋ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ።

"ምን ይታይሻል?" አሏት።

"እርስዎ ሴል እንደተደረደረ ጡብ ነው ብለውን ነበር። ለእኔ ግን በረት ነው የሚመስለኝ። በረት በበረት። በየበረቱም አንዳንድ ጥጃ አለ።"

ወይዘሮ ትሕትና ተጠግተው አዩ። ስንት ዘመን ያዩትን ነገር እንደ አዲስ አዩት።

"እውነትሽን ነው" አሉ። "ጥጃው ኒውክለሱ ነው።"

ይህን የሰማ ሁሉ፣ የግቢው ጥበቃ ሳይቀር፣ ጥጃውን ሊያይ ተሰለፈ። የሦስተኛ ፎቋ ወይዘሮ ታየች ምንም አልታይ ብሏቸው ሲያማርሩ፣ ደሚቱ ማስተካከያውን ቀስ አድርጋ አዞረችላቸው።

"አገኘሁት" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ጥግ ላይ ተኝቷል።"